የደንገጎ ክላክስ

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ለመጨረሻ ጊዜ በወረድክበት ቀን፣ በመንገድህ ላይ ምን አየህ?

አትቸኩል፣ አስብ። ባሕር አይተህ ይሆናል፤ ብዙ ሰው ባሕር ይመርጣል። ወይም ተከታታይ ድራማህን ካቆምክበት ቀጥለህ ይሆናል። ወይም እንደ ጎረቤቴ እንደ ሂንድ የልጅ ልጅህን ሠርግ ደጋግመህ አይተህ ይሆናል። የደንገጎን ተራራ ግን አላየህም። ያለ ሾፌር የሚሄደው ሳጥን ውስጥ ገባህ፣ በሩ ተዘጋ፣ መስኮቱ የጠየቅከውን አሳየህ፣ በሩ ተከፈተ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ደርሰሃል። በእኛ ከተማ አንድ ሕፃን ሐረር ምን ያህል ይርቃል ቢባል ግማሽ ፊልም ይላል። አባቱም ቢጠየቅ ከዚህ የተሻለ መልስ የለውም።

ባለፈው ወር በዚያ መንገድ ላይ አንድ ነገር ሆኗል። የጎዳና ሥርዓት ባለሥልጣን «ቴክኒካዊ መስተጓጎል» ብሎ በአጭር መግለጫ አልፎታል። መስተጓጎል አልነበረም። መሪውን የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ የሆነውን እነግርሃለሁ።

መኪናዋ የእናቴ ነበረች። ባለሁለት ወንበር፣ ወገቧ መሬት ሊነካ የቀረበ፣ ጣራዋ እንደ ጃንጥላ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የጣሊያን የስፖርት መኪና ናት። ድሮ ቀይ ነበረች፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ግን ቀይ አይወድም፣ አሁን የበሰለ ፓፓያ ውስጡን ትመስላለች። እንዲህ ያለች መኪና መያዝ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ነው። ቤንዚን ስለሌለ ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚወጣ አልኮል እናጠጣታለን። አልኮሉ ጎማ ይበላል፤ ነዳጅ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ለስልሰው ሳይፈነዱ መቀየር አለባቸው። ጠዋት ኮፈኖውን ከፍቼ ዘይቷን አያለሁ፣ ካንዴላዎቹን አውጥቼ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ቁልፉን አዙሬ እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ትነሳለች። አንዳንድ ቀን ታስላለች እንጂ አትነሳም። የጣራዋን ሸራ ድንኳን ሰፊው ስንት ጊዜ እንደጣፈው እሱም እኔም ረስተናል፤ ዛሬ ከሸራው እራፊው ይበዛል። ጎረቤቶቼ ቤት ውስጥ በሽተኛ የማስታምም ይመስል፣ በበሬ ሲያልፉ «ዛሬስ ተሻላት?» ይሉኛል።

ሙኽታር ባይኖር ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ሙኽታር መጋላ ሰፈር ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ቶርኖ ቤት ባለቤት ነው። ብረት ይቀርጻል፣ ከገበያ የጠፋ ዕቃ ያወጣል፣ ውሸትም ከብረቱ እኩል ያመርታል። አንድ ጊዜ የሠራልኝን የፍሬን ዕቃ ከጣሊያን ያስመጣሁት ነው ብሎ ሲምልልኝ፣ ዕቃው ላይ የአሮጌ አልጋ ቀለም ነበረበት። ፍሬኑ ግን ይይዛል።

ሕጉ በእጅ የሚነዳ መኪና አይከለክልም፤ ያን ያህል ድፍረት የለውም። በየዓመቱ የፍተሻ ጉዞ እንድታደርግ ያዝዝና እስክትወድቅ ይጠብቃል። ፈታሹ ከጎንህ ይቀመጣል። በጉዞው ላይ አንድ ሳጥን በአንተ ምክንያት ከመስመሩ ከወጣ ወይም ከቆመ ወድቀሃል። መኪናህ ትወሰዳለች፣ ወደ መጭመቂያ ትገባለች፣ የብረት ጡብ ሆና ትወጣለች። ከድሬዳዋ እስከ ጅግጅጋ የቀረችው የእናቴ መኪና ብቻ ናት። ሌሎቹ ጡብ ሲሆኑ ቆሜ አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ ለምን? የባለሥልጣኑ ዋና ኃላፊ ኢንጂነር ናሆም በየጊዜው በቴሌቪዥን ቀርቦ መልሱን ይሰጣል፤ መልሱም አይለወጥም። ሳጥኖቹን የሚመራው ሥርዓት መንገድን ከማንም አልተማረም፣ በንጹሕ ስሌት የተገኘ ነው ይላል። የሰው እጅ ለዚህ ሥርዓት የሚያስተምረው የለም፣ የሚጨምርለት አደጋ ብቻ ነው ይላል። እኔ በጋዜጣ መልስ ጽፌ ነበር፤ ጨዋ ጽሑፍ አልነበረም፣ ጨዋ እንዲሆንም አልፈለግኩም። ዘንድሮ ፈታሽ ሆኖ የመጣው ራሱ ናሆም የሆነው በዚያ ምክንያት ይመስለኛል።

ለፍተሻው ከሚያስፈልጉት ነገሮች መካከል ሕጉ ክላክስ ይጠይቃል። ለማን እንደሚነፋ አይናገርም። ከአሮጌው ሕግ ሲገለብጡት ሳይሰርዙት የቀረ ቃል ነው፤ ሳጥን ክላክስ ይሰማል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። የእኔ ክላክስ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ድምፅ አውጥቶ አያውቅም፤ በፊት የነበሩት ፈታሾችም ጠይቀውኝ አያውቁም። ናሆም ግን ሕጉን በፊደሉ የሚያነብ ሰው ነው ተባለ። ስለዚህ ወደ ሙኽታር ወሰድኩት። ሙኽታር ዝጎ የተበላውን ቀጭን ብረት አውጥቶ በቲማቲም ሰልሳ ቆርቆሮ ክዳን ተካው። ስንሞክረው የጥጃና የባቡር መሃል የሆነ ድምፅ ወጣ።

«አቦ ሰማሽ?» አለ ሙኽታር። «ይሄ የፈረንሳይ ባቡር ድምፅ ነው።»

«የሰልሳ ድምፅ ነው» አልኩት።

«ቢሆንስ? ካንቺ ድምፅ ይሻላል። አንቺ ይሄን ሁሉ ዘመን ስትጮሂ ማን ቆሞልሽ ያውቃል?»

ናሆም በማለዳ መጣ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ንጹሕ፣ ጸጉሩ በሥርዓት የተበጠረ፣ ንግግሩ ለስላሳ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ መቆጣት ያደክማል፤ እኔ ግን አልደከመኝም። ጣራውን ሳጥፍ ቆሞ አየኝ። አይዘጋም ወይ ሲል ጠየቀኝ። ይዘጋል፣ ግን የመጣኸው መኪናዋን ልትፈትሽ ከሆነ ሙሉዋን ፈትሽ አልኩት። እርስዎ እያለ ሲያናግረኝ ድሬዳዋ ነህ፣ እዚህ ከተማ እርስዎ የሚባል ሰው የለም አልኩት፤ አልተወውም። ከተቀመጠ በኋላ ወደ እግሬ አጎንብሶ ሦስቱን ፔዳሎች አየና የእያንዳንዳቸውን ሥራ ጠየቀኝ። ነዳጅ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን ብዬ ነገርኩት።

«እግርዎ ግን ሁለት ነው» አለ።

«እስካሁን» አልኩት።

መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ክላክሱን አንዴ ነካሁለት፤ ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወጣን። ናሆም በሩን በሁለት እጁ ጨብጧል። ነፋሱ የተበጠረውን ጸጉር ሲበትነው አንድ እጁን አንስቶ ራሱን ያዘ፤ ከዚያ ተወው። ስንት ሺህ ሳጥኖችን ከቢሮው ሆኖ የሚያዝ ሰው፣ በተከፈተ ነገር ውስጥ ተቀምጦ ሲሄድ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

ከከተማ ወጥቶ ዳገቱ ሳይጀመር ቀጥ ያለ መንገድ አለ። እዚያ ላይ ሳጥኖች ሁሉ ያዘግማሉ። ኩርባ የለም፣ ድልድይ የለም፣ ቤት የለም። የሚወጣውም የሚወርደውም ቀስ ይላል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ መልሶ ይፈጥናል። መንገደኛው ሳጥኑ ያዛጋል ይላል። ናሆም የአፈሩ ጠባይ ነው ብሎ ረጅም ማብራሪያ ሰጠኝ። ከፊቴ ያለውን ሳጥን እንዳልገጨው እኔም ቀስ አልኩ፣ ማብራሪያውን ሰማሁ። ያን ጊዜ የምመልሰው አልነበረኝም።

ዳገቱ ተጀመረ። አሮጌ ሞተር ዳገት ሲወጣ የሚሰማህ በጆሮህ ብቻ አይደለም፤ በወንበሩ፣ በጀርባህ፣ በመሪው በኩል በመዳፍህ ነው። ማርሽ ቀየርኩ፣ ጮኸች፣ ያዘች። ኩርባው ሲዞር ገደሉ በናሆም በኩል ሆነ። የሽንሌ ሜዳ ከታች ተዘረጋ፤ ቢጫ፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ሰማይ ይሁን መሬት የማይለይ ሰማያዊ። የባቡሩ ሐዲድ መሬት ላይ የወደቀ ክር ይመስላል። ናሆም ማብራሪያውን አቆመ። ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ፤ ተራራው በራሱ ጥላ ውስጥ ነበር፣ መንገዱ እየተጣጠፈ ይወጣል፣ በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ ሳጥኖች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተሰድረው ይወርዳሉ። ይህን የሠራው እሱ ነው። ከውጭ አይቶት አያውቅም ነበር።

ከዚያ ድፍኑ ኩርባ ጋ ደረስን፤ ዓለቱ የወዲያኛውን ወገን ፈጽሞ የሚጋርድበት ነው። እጄ ወደ ክላክሱ ሄደ። አስቤ አይደለም። እናቴ በዚህ መንገድ መንዳት ስታስተምረኝ መጀመሪያ ያስያዘችኝ ይህን ነበር። በደንገጎ ክላክስ ስድብ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ድፍን ኩርባ ጋ ስትደርስ ሁለቴ ትነፋለህ። የሚወርደው ይሰማና ጥግ ይይዛል፤ ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ ከቆመ መልሶ መነሳት ስለማይችል መንገዱ ለሚወጣው ነው። የሚወርድ ይቁም፣ የሚወጣ ይለፍ። የቆመው መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ያደርጋል፤ አይቼሃለሁ፣ እለፍ ማለት ነው። ያለፈው አንዴ ብልጭ ያደርጋል፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ይህን የጻፈው ሕግ የለም። ሾፌሮች እርስ በርስ ያወጡት ነበር፤ አንዱም ዛሬ አይነዳም፣ አብዛኞቹም በሕይወት የሉም።

ሁለቴ ነፋሁ። ጥጃውና ባቡሩ ገደሉ ውስጥ ገብተው ተመለሱ።

ኩርባውን ስንዞር ሳጥኖቹ ቆመው ነበር። ሁሉም ጥግ ይዘዋል። ጎማቸውን ከአስፋልቱ አውርደው፣ ጎናቸውን ለዓለቱ ሰጥተው፣ መሃሉን ባዶ ትተውልናል። የመጀመሪያው መብራቱን ሁለቴ ብልጭ አደረገ። ከኋላው ያለው ብልጭ ብልጭ። ከዚያ ቀጣዩ። ከዚያ በላይኛው እጥፋት ላይ ያሉት፣ ሊያዩን የማይችሉት፣ አንድ በአንድ ጥግ እየያዙ፣ አንድ በአንድ ብልጭ ብልጭ እያሉ፣ መብራቱ በጥላው ውስጥ ተራራውን ወጣ። አናቱ ላይ እስኪደርስ በዓይናችን ተከተልነው።

ሞተሩን አላጠፋሁም፤ ግን ቆምኩ።

ልብ በል። ሳጥን ከሳጥን ጋር ሲነጋገር መብራት አያስፈልገውም። ያለ ድምፅ፣ ያለ ብርሃን፣ እኔና አንተ በማናየው መንገድ ይጠባበቃል። ስሌት መብራት አያበራም፤ መብራት ለዓይን ነው። ታዲያ ለማን ነው ብልጭ ያለው? ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ለሚያቃስት ሰው ነው፤ ከመሪው ጀርባ ተቀምጦ ማዶውን ለሚያይ፣ ከእንግዲህ ለሌለ ሰው።

ናሆም ፊቱን ከተራራው ሳያዞር ተናገረ፤ እርስዎ ማለቱን ያን ጊዜ ነው የተወው።

«ደግመሽ ንኪው» አለ።

«ካስቆምኳቸው እወድቃለሁ።»

«ወድቀሻል» አለ። «ደግመሽ ንኪው።»

ነካሁት። ተራራው ደግሞ መለሰ።

ሳጥን ሲቆም መስኮቱ ሥዕሉን ይተዋል፤ ለአደጋ ጊዜ የተደነገገ ነው። ባሕሩ ጠፋ፣ ድራማው ጠፋ፣ በሮቹ ተከፈቱ። ሰዎች መጀመሪያ አንገታቸውን አወጡ፣ ከዚያ እግራቸውን። ማንም አልጮኸም። አንድ ባለከረቫት ሰው የሥራ ቦርሳውን ደረቱ ላይ ይዞ ወደ መንገዱ ጠርዝ መጣና ይሄ የት ነው ብሎ ጠየቀ። ናሆም ደንገጎ ነው አለው። ሰውየው ተቆጣ፤ በደንገጎማ በየቀኑ አልፋለሁ እኮ አለ። ከዚያ ሜዳውን እንደገና አየና አንድ ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አንዲት ትንሽ ልጅ የእናቷን ቀሚስ ትጎትታለች።

«ሌላ አሳዪኝ» አለቻት።

«ሌላ የለም» አለች እናቷ። «ይሄ ነው።»

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰው ወደየሳጥኑ ተመለሰ፤ ባለከረቫቱ ግን የመጨረሻው ነበር። እኛም አናቱ ድረስ ወጥተን ዞርን። ስንወርድ ተራው የእኔ ሆነ። አንድ ሳጥን ከታች ሲወጣ አየሁ፤ ጥግ ያዝኩ፣ መብራቴን ሁለቴ ብልጭ አደረግኩ። ሳጥኑ አጠገባችን ሲደርስ አልቆመም። አልፎን ሲሄድ አንዴ ብልጭ አለ።

ናሆም አየው። ይህን ያየው እሱ ነው፤ እኔ ዓይኔ እንባ ስለሞላ ጥሩ አያይም ነበር።

ሜዳው ላይ ስንደርስ፣ ሳጥኖቹ የሚያዘግሙበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ጠዋት የጠፋኝ መልስ መጣልኝ። እዚያ ቦታ ላይ ሐሊማ የምትባል ሴት ትቀመጥ ነበር። ጊሽጣ ትሸጣለች። እናቴ እዚያ ስንደርስ ሁሌም ቀስ በይ፣ ሐሊማን እንያት ትለኝ ነበር። ሾፌር ሁሉ ቀስ ይላል፤ የሚገዛው ቆሞ ይገዛል፣ የማይገዛው ቀስ ብሎ ይሰድባታል፣ እሷም መልሳ ትሰድበዋለች፣ ተሳስቀው ያልፋሉ። የምትቀመጥበት ግራር እንኳ ከተቆረጠ ስንት ዘመን ሆነው። ሳጥኖቹ ዛሬም ለሐሊማ ያዘግማሉ። ይህን ሁሉ ለናሆም ነገርኩት። የአፈሩን ጠባይ ደግሞ አላነሳውም። ከመኪናዋ ሲወርድ በሩን በቀስታ ዘጋው፤ እንደተኛ ሰው ክፍል በር።

ከዚያ መግለጫው ወጣ። በእጅ የሚነዳ መኪና ያሰማው ድምፅ ቴክኒካዊ መስተጓጎል አስከትሏል ይላል። መኪናዋ ከመንገድ ትወገዳለች ይላል። በሥርዓቱ ውስጥ የተገኘው ስህተት ደግሞ እስከዚህ ወር መጨረሻ ይታረማል ይላል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የናሆም ነው።

መኪናዋን ሊወስዱ የመጡ ቀን ሙኽታር ኮፈኖው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። እኔንም አብራችሁ ጭመቁኝ፣ ያሉኝ ዕቃዎች ሁሉ እሷ ውስጥ ናቸው አላቸው። ሳቁ፣ ሳቀ፣ አወረዱት። መኪናዋን ጭነው ሲሄዱ ግን አልሳቀም። ክላክሱን ፈትቶ በኪሱ አስቀርቶት ነበር፤ እጄ ላይ አስቀመጠውና ምንም ሳይዋሽ ወደ ቤቱ ሄደ። አሁን መኪናዋ በባለሥልጣኑ ግቢ መጭመቂያው ጎን ቆማ ወሩ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ጣራዋን አልዘጉላትም።

መኪናዋ የእናቴ ናት፤ ሐዘኑ የእኔ ነው፣ ማንም እንዲያለቅስልኝ አልጠይቅም። የሚያስቆጣኝ ሌላው ነው። ከማንም አልተማርንም ያላችሁት ከእነማን እንደተማራችሁ ተራራው መሰከረ። ከእናቴ ተምራችኋል። ስማቸውን ማንም ካልመዘገበላቸው ሾፌሮች፣ ጭነት ይዘው ካቃሰቱት፣ ጥግ ይዘው ካሳለፉት፣ ለሐሊማ ካዘገሙት ተምራችኋል። እጃቸውን ወሰዳችሁ፣ ስማቸውን ጣላችሁ፣ ከዚያ የሰው እጅ አደጋ ነው ብላችሁ ሕግ አወጣችሁ። አሁን ደግሞ ከሞቱት የቀረውን አንድ ብልጭታ፣ ያን አመሰግናለሁ፣ ስህተት ብላችሁ ልትሰርዙት ነው። ከዚህ የበለጠ ድንቅ ነገር በእጃችሁ ገብቶ አያውቅም፤ እናንተ ግን ልታጸዱት መጥረጊያ አነሳችሁ።

ኢንጂነር ናሆም፣ መልስ የምፈልገው በመግለጫ አይደለም። ወሩ ሳያልቅ ከዚራ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ና፤ እኔ ክላክሱን ይዤ እመጣለሁ፣ ሙኽታር ይመጣል፣ ከሳጥን ወርዶ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ባለከረቫትም ይመጣ ይሆናል። በእነሱ ፊት ቁምና መልስ። ስህተት ከነበረ፣ ፈታሽ ሆነህ ከጎኔ ተቀምጠህ ስህተቱን ደግመሽ ንኪው ያልከኝ ለምንድን ነው? ስህተት ካልነበረ፣ ያን ጠዋት በደንገጎ ላይ ምን አየህ?